ሳሩን ማን ሰጣት?

ጠሃን ያገኙት ማልደው ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። ማታ ማታ የስልክ ዳታ የሚሠራው እዚያ ላይ ብቻ ስለሆነ የመካነ ሰላም ሰው «ኔትወርክ ጉብታ» የሚለው ከፍታ ላይ፣ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጋድሞ ነበር። ኢንስፔክተር የሻለም ደርሳ ስታየው ለአፍታ የተኛ መሰላት። በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፤ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሯል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አገጩም በገዛ የአንገት ልብሱ ታስሯል። ከማጅራቱ በላይ ያለው ቁስል ባይታይ ኖሮ፣ ቤተሰቡ ከብቦት በአልጋው ላይ የሞተ ሰው ነው የሚመስለው።

«ሌባ ነው» አለ ምክትል ሳጅን በፍቃዱ። «ስልኩ የለም።»

«ኪሱን አይተሃል?»

«ብሩ አለ። የሱቁ ቁልፍም አለ።»

«ታዲያ ብር ትቶ ስልክ የሚወስድ፣ ገድሎ ደግሞ አገጭ የሚያስር ሌባ ከየት መጣብን?»

በፍቃዱ ጭንቅላቱን አከከ። የሻለም ተንበርክካ ሬሳውን ቀረብ ብላ አየችው። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፎች ተበጥሰዋል። አንድ ሰው ደረቱ ላይ ጨምድዶ ይዞ ወደ ኋላ ገፍትሮታል፤ የቀረውን ቋጥኙ ጨርሶታል። ከቋጥኙ ፊት ለፊት ሳሩ ሁለት ቦታ ላይ ተጨፍልቋል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወጉ ቆይተዋል ማለት ነው።

«የገደለው ሰው የሚያውቀው ነው» አለች እየተነሳች። «ገደለው፤ ከዚያ ደግሞ አዘነለት።»

ጠሃ በገበያው ዳር ሞባይል የሚጠግን፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነበር። ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሄዱባቸው እናቶች ሁሉ ስልካቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው እሱ ዘንድ ይመጣሉ። እሱ በቪዲዮ የሚያነጋግረውን ኢሞ ይጭንላቸዋል፤ የጠፋ ድምፅ ይመልስላቸዋል። ከአንድ ሰው በቀር ጠላት አለው ብሎ የሚገምት አልነበረም።

የሻለም ከጉብታው ሳትወርድ ከተማው ያንን አንድ ሰው ይዞ፣ ፈርዶ፣ አስሮ ጨርሷል። መሐሙድ ይባላል፤ የአቀስታ ልጅ፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ኢልሀም ሪያድ የሰው ቤት ትሠራለች። በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ በጠሃ ሱቅ በር ቆሞ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ፣ «ከነፍየልህ ገደል ነው የምከትህ!» ብሎ ጮኋል። ፍየሏን ግን ማንም አላያትም። ጠሃ ፍየል አልነበረውም።

የሻለም መሐሙድን በእስር ክፍሉ አነጋገረችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ አንገቱን ግን አልደፋም።

«ገድለኸዋል?»

«ወላሂ አልገደልኩም። ልገድለው ግን አስቤያለሁ፣ አልዋሽዎትም።»

«ምን አደረገህ?»

«ሚስቴ ድምፅዋን ካሰማችኝ ስንት ወሯ! እሱ ግን በየቀኑ ገብስ ይላክለታል።»

«የምን ገብስ?»

«የስልክ ነዋ! ስልኩ ላይ አንዲት ፍየል አለች። እሱ ከዚህ ሳር ይሰጣታል፤ ኢልሀም ከሪያድ ገብስ ትሰጣታለች። በቃ፣ ይኸው ነው ጨዋታው። አትታለብ፣ አትታረድ፣ አትሸጥ! ምን ትሠራልሃለች ብለው፣ ‹ለምንም› አለኝ። ለምንም ከሆነች ለምን ለእኔ አልሆነችም?»

የሻለም የምታየው ሰው በሚስቱ ቅናት የያዘው ባል ሳይሆን፣ ከማዕድ የተረሳ ልጅ መሰላት። «ሚስትህ ከጠሃ ጋር ነገር ነበራት ትላለህ?»

«አስተግፊሩላህ!» አለ መሐሙድ ደንግጦ። «ወንድሟ ነው እኮ። የሱ እናት በወሊድ ስትሞት እማማ ኑርጃን፣ የኢልሀም እናት፣ ሁለቱን በአንድ ጡት ነው ያሳደጓቸው። በእኛ ዘንድ የጡት ወንድም እንደ ሥጋ ወንድም ነው፤ ለጋብቻ ሐራም ነው።»

«ታዲያ ምን አስቀናህ?»

«ሰው በሚስቱ ወንድም አይቀናም ያለው ማን ነው?» አለና አሁን ነው ያለቀሰው። «‹ባልሽ ወንድምሽን ገደለው› ሊሏት ነው። እዚያ ብቻዋን ሆና ይህን ሰምታ ምን ትሆናለች?»

የጣቢያው አዛዥ ግን ጉዳዩ አልቆለታል። «ዛቻው ተሰምቷል፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ከነገ ወዲያ ማለዳ ወደ ደሴ እልከዋለሁ» አላት። ጠሃ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀበረ።

በማግስቱ የሻለም ለቅሶ ቤት ሄደች። ለቅሶው የተቀመጠው እማማ ኑርጃን ግቢ ነው። ራሕማ፣ የጠሃ ሚስት፣ ከወረኢሉ የመጣች፣ ቀጭን፣ ቶሎ የምትቆጣ ልጅ ናት። ጥያቄ አልጠበቀችም።

«እኔም ቀንቻለሁ። ይጻፍ» አለች።

«በኢልሀም?»

«ወንድሟ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አቃጥሎኛል። ከሱቅ መጥቶ ጉብታው ላይ ሳይወጣ እህል አይቀምስም። ማታ ከተማው ውስጥ ሰው ሲበዛበት ዳታው ይጠፋላ! ፍየሏ ቆማ ካገኛት ፊቱ ይበራል። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ብቆምለት እንደዚያ አይበራም። ምን ይጠቅምሃል ስለው ‹ለምንም› ይለኛል። ለሚጠቅም ነገር ቢሆን እኮ እችለው ነበር።»

«ከዚያስ?»

ራሕማ አቀረቀረች። «ስልኩን አይቆልፍም። የሰው ስልክ ሲከፍት ነው የሚውል፣ የራሱ ግን ክፍት ነው። አንድ ቀን ተኝቶ ሳለ ጨዋታውን ወደ እኔ ስልክ አስገባሁት። በእንግድነት ነው የገባሁ። እንግዳ ያያል እንጂ አያበላም።»

ስልኳን ከፈተች። ግንባሯ ነጭ የሆነ ቀይ ፍየል፣ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ታመነዥካለች። በግራዋ ገብስ፣ በቀኟ ሳር ተከምሯል። በቃ። የሻለም ብዙ ጠብቃ ስለነበር ትንሽ አፈረች። ለዚች ነው ሰው የሞተው?

«ገብሱ የኢልሀም ነው፤ ሳሩ የእኛ ወገን» አለች ራሕማ። «ያልተሰጣት ቀን ትተኛለች። ጠሃ ከትናንት ወዲያ ማታ ሞተ አይደል? ትናንት ተቀበረ። ትናንት ማታ ግን ሳር ተሰጥቷታል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሌሊቱን ሙሉ ሳያት ነው ያደርኩ። ያበድኩ መሰለኝ። ለማን እነግራለሁ? ነፍሱ ናት ብዬ ፈራሁ።»

«ነፍስ ዳታ አታበራም» አለች የሻለም፣ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ። «አብሽሪ። ስልኩን የያዘው ሰው ነው።»

ስትወጣ በግቢው በር ላይ አሕመድኑርን አገኘችው። የእማማ ኑርጃን የበኩር ልጅ፣ የኢልሀም ታላቅ ወንድም፣ ከብት ነጋዴ ነው። ለቅሶ የሚመጣውን ሰው ሁሉ የሚያስተናግደው እሱ ነው፤ ከማልቀስ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል።

«ከትናንት ወዲያ ሲመሽ የት ነበርክ?»

«በሬዎች ሳስገባ። ብቻዬን ነበርኩ፤ በሬ አይመሰክርልኝም።»

«ስለ ፍየሏ የምታውቀው አለ?»

«የሕፃን ጨዋታ ነው፣ እኔ ምን አውቄ!» አለና ከኪሱ ያረጀች ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣ። «የእኔ ይቺው ናት። ከመደወል በቀር የምትችለው ነገር የላትም።»

በዚህ መሐል ከውስጥ የእማማ ኑርጃን ድምፅ ተሰማ። «ጠሃ! ጠሃዬ!» ብለው ነው የተጣሩት፤ የልማድ ነገር። ከዚያ መሞቱ ትዝ አላቸው። አሕመድኑር «አቤት እናቴ» ብሎ ገባ። የሻለም ግን የጠሃ ስም ሲጠራ መንጋጋው እንዴት ግጥም እንዳለ አይታለች።

ለምሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ባሏ ደሳለው አስተማሪ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ በስልኩ ባለ ቀለም ኳሶች ያፈነዳል። ያ ጨዋታ ለየሻለም ከጣውንት አይተናነስም። አንድ ጊዜ ሴት ናት ብላ ስልኩን በርብራለች፤ ያገኘችው ኳስ ብቻ ነው። ሴት ብታገኝ ቢያንስ የምትሰድበው ሰው ይኖራት ነበር።

«ደሳለው፣ እስኪ ዛሬ ሳትቀልድ ንገረኝ። ይህ ነገር ለምንህ ነው?»

«ለምንም።»

«አንተም ‹ለምንም› ትላለህ?»

«እውነቴን ነው። ተማሪው ከእኔ ውጤት ይፈልጋል፤ ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ይፈልጋል፤ አንቺ...» አለና ፊቷን አይቶ ዘለለው። «ኳሱ ምንም አይፈልግም። የማይረባ ስለሆነ ማንም አይመጣበትም። ስጫወት አይቶ ማን ይጠረጥረኛል? ከአንቺ በቀር።»

የሻለም ጉርሻዋን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። «የማይረባ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም» አለች ለራሷ። ከዚያ ምሳዋን ትታ ተነሳች። ደሳለው ደግሞ ተቀየመችኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እማማ ኑርጃን መደብ ላይ ተቀምጠው በመቁጠሪያቸው ዚክር ያደርጋሉ። ያሳደጉት ልጅ ሞቷል፤ አማቻቸው ታስሯል፤ ሴት ልጃቸው በሰው አገር ናት። ጀርባቸው ግን አልጎበጠም።

«እማማ፣ ኢልሀም ለምን መደወል አቆመች?»

«አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ከለከለቻት፣ ልጄ። መሐሙድ ሲናፍቅ ሌት ተቀን መልእክት ይልክባታል። አንድ ቀን ማዳሟ ስልኩን ከፍታ አየችው። መታቻት፤ ስልኩንም ቀማቻት። ኋላ ለሕፃን ልጇ መጫወቻ ይሁን ብላ መለሰችላት፤ ግን በየቀኑ ትበረብረዋለች። ይህን ሁሉ አንዴ ተደብቃ ለጠሃ ነግራዋለች። ደግማ ስትደውል ብትገኝ ምን እንደምታደርጋት አላህ ይወቅ።»

«ታዲያ ደህና መሆኗን እንዴት ያውቃሉ?»

«ጠሃ ነዋ! ከመግሪብ ሰላት በኋላ ብቅ ይልና ‹እማዬ፣ ደህና ናት› ይለኛል። በምን አወቅህ ስለው ይስቃል። ‹አደራ ነው› ይለኛል። አንዲት ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ይህን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።»

«ከሞተ ወዲህስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ትናንትም ደህና ናት» አሉ፣ መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ።

የሻለም የሚቀጥለውን ጥያቄ እዚያ ብቻቸውን አልጠየቀቻቸውም። እናት ናቸው። ከሰዓት፣ ከዓስር ሰላት በኋላ ግን መሐሙድን ከእስር ቤት አስመጣችና ቤተሰቡን በውስጠኛው ክፍል ሰበሰበች። እማማ ኑርጃን፣ ራሕማ፣ አሕመድኑርና መሐሙድ ተቀመጡ። የአካባቢው ሽማግሌ ሼህ ሀቢቡላህም ተጠርተው ገቡ። በፍቃዱ በሩን ይዞ ቆመ።

«ሼህ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «እዚህ የምናገረው ከዚህ ክፍል ከወጣ ሪያድ ያለች ልጅ ትጎዳለች። ቃል ያስገቡልኝ።»

ሼህ ሀቢቡላህ አንድ በአንድ ቃል አስገቧቸው። አሕመድኑር የተዘጋ ድምፁን እንደምንም ከፍ አድርጎ ቃሉን ሰጠ።

«እንግዲህ ከፍየሏ ልጀምር» አለች የሻለም። «እዚህ ቤት በፍየሏ ያልቀና የለም። መሐሙድ ቀንቷል። ራሕማ ቀንታለች። ሁለታችሁም ‹ለምን ትጠቅማለች› ብላችሁ ጠየቃችሁ፤ ጠሃ ‹ለምንም› አላችሁ። እውነቱን ነው፣ ለምንም የማትጠቅም መምሰል ነበረባት። ማዳሟ ኢሞ ብታይ ትቀጣለች፤ ጽሑፍ ብታይ ትቀጣለች። የሕፃን ፍየል ብታይ ግን ታልፈዋለች። ኢልሀም ገብስ ስትሰጥ ‹በሕይወት አለሁ› ማለቷ ነው። ጠሃ ሳር ሲሰጥ ‹አይቻለሁ› ማለቱ ነው።»

መሐሙድ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። «የእኔ መልእክት ነው ያስመታት» አለ። «ያ ረቢ፣ እኔ ነኝ ያስመታኋት!»

«አንተ አልገደልክም» አለች የሻለም። «ጠሃ ከሞተ በኋላ፣ ትናንት ማታ፣ ፍየሏ ሳር ተሰጥቷታል። አንተ ያን ጊዜ እኛ ጋ ተቆልፎብህ ነበር። ሌባም አይደለም፤ ሌባ ስልኩን አጥፍቶ ይሸጠዋል። ራሕማም አይደለችም። የሷ ስልክ ያያል እንጂ አያበላም፤ የጠሃ ስልክ በእጇ ቢገባ ደግሞ...»

«አስርባት ነበር» አለች ራሕማ ሳታፍር። «ወላሂ አስርባት ነበር።»

«ቅናት ያለበት ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይህኛው ግን አበላት። በጠሃ ቀንቷል፣ በኢልሀም ግን አልጨከነም፤ እንድትደነግጥ አልፈለገም። ጠሃንም ቢሆን ከገደለው በኋላ ወደ ቂብላ አዙሮ አገጩን አስሮለታል። ወንድም ለወንድሙ እንደሚያደርገው።» ወደ እማማ ኑርጃን ዞራ ተንበረከከች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ትናንት ማታ ‹ኢልሀም ደህና ናት› ያለዎት ማን ነው?»

የእማማ ኑርጃን ጣት መቁጠሪያው ላይ ቆመ። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ በኩር ልጃቸው አነሱ።

«አሕመድኑር» አሉ። «ከመግሪብ በኋላ መጥተህ ነገርከኝ። በምን አወቅህ፣ ልጄ?»

አሕመድኑር፣ በፍቃዱ ቀርቦ የውስጥ ኪሱን ሲፈትሽ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። የጠሃ ስልክ በንጹሕ መሐረብ ተጠቅልሎ ወጣ።

«የገዛ እህቴ ናት!» አለ በተዘጋው ድምፁ። «የእናቴ ልጅ ናት! በየማታው እናቴ በሩን ስታይ እኔ ፊቷ ተቀምጫለሁ፤ የምትጠብቀው ግን እሱን ነው። እሱ ሲገባ ነው እህል የሚወርድላት። ተከትዬው ወጣሁ። ሳሩን ሲሰጣት አየሁና ነገሩ ገባኝ። ለመንኩት። ‹ታላቅህ ነኝ፣ ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ ልንገራት› አልኩት። ስልኩን ልቀማው አልነበረም የሄድኩ...»

«ምን አለህ?» አለች የሻለም።

«‹ኢልሀም ለአሕመድኑር እንዳትነግር ብላኛለች› አለኝ። ‹ሲቆጣ ምሥጢር አይይዝም ብላለች› አለኝ። እሷ ናት ያለችው! ያኔ ያዝኩት። ወደቀ። ‹ጠሃ› ብዬ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ስልኩ እጁ ላይ በርቷል፤ ፍየሏ ሳሯን አግኝታ ቆማለች። በማግስቱ ካልተሰጣት ኢልሀም ደንግጣ ትደውላለች ብዬ ሰጋሁ።»

«መሐሙድ በአንተ ፋንታ ሲታሰርስ?» አሉ ሼህ ሀቢቡላህ።

አሕመድኑር መሬት መሬት አየ። «ይፈቱታል ብዬ ነበር» አለ፣ ራሱም እንዳላመነው ያስታውቃል።

በፍቃዱ ካቴናውን ከመሐሙድ እጅ ፈትቶ ለአሕመድኑር አሰረለት። የሻለም የጠሃን ስልክ ለማሸግ ስታዘጋጅ ራሕማ ተነሥታ እጇን ዘረጋች። «ከመታሸጉ በፊት ለአፍታ ይስጡኝ» አለች። የሻለም ሰጠቻት። ራሕማ በሁለቱ ስልኮች መካከል የሆነ ነገር ነካካች፤ ከዚያ የጠሃን መለሰችና የራሷን ያዘች። አሁን እንግዳ አይደለችም፤ ማብላት ትችላለች።

አሕመድኑር በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «እናቴ» አለ። «አትስጊ። ዛሬም አይቻታለሁ፤ ኢልሀም ደህና ናት።»

እማማ ኑርጃን አላዩትም። ፊታቸውን ወደ ራሕማ አዞሩ።

«አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ። «ደህና ናት?»

ራሕማ ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበችና አየች። «ደህና ናት፣ እማማ» አለች። «የዛሬው ገብስ ገብቷል።»

አሕመድኑር ይህን ቆሞ ሰማና ከበፍቃዱ ጋር ወጣ።